ማርሳቢት ላይ ያልተኛኸው እንቅልፍ

ኢስትሊ፣ ናይሮቢ
ሐሙስ፣ ኦገስት 14 ቀን 2025

ለምወድህ አባቴ፣

አላህ ባለህበት ሰላምህን ያብዛልህ። እኛ ደህና ነን። እማን ጉልበቷን አሟት ነበር፣ አሁን ተሽሏታል። ኸባብ የፊት ጥርሱ ወልቆ «አባ ሳያየው አልጥለውም» ብሎ ትራሱ ሥር ደብቆታል።

የምጽፍልህ ስልኬን ስለማታነሳ ነው። ጎረቤታችን ሰዲቃ ነገ ዕቃ ልታመጣ ወደ ሞያሌ ስለምትሳፈር፣ አንተ ያለህበት አጎቴ ኢልያስ ቤት ድረስ ወስጄ በእጁ እሰጠዋለሁ ብላኛለች። በአማርኛዬ አትሳቅ፤ ያስተማርከኝ አንተ ነህ።

አባ፣ ኢሲዮሎ ላይ አውቶቡስ ስታሳፍረኝ ለሹፌሩ «አደራ» አልከው እንጂ እኔን ዞር ብለህ አላየኸኝም። እስከ ናይሮቢ ያለቀስኩት ስላላየኸኝ ነው። ሎሪው ስለተያዘ አይደለም።

ማክሰኞ ጋሽ ዘካርያስ እኛ ቤት መጡ። ሎሪው የእሳቸው ስለሆነ እማ ፈርታ ወንበሩን በቀሚሷ ጠርጋ ሰጠቻቸው። እኔ መጋረጃው ጀርባ ነበርኩ።

«ይቺ ልጅ አትናገርም ስትሉኝ አልነበር?» አሉ። «የዓመት ወሬዋን አጠራቅማ አጠራቅማ ለፖሊስ ዘረገፈችው እኮ።»

«ልጅ ናት፣ ጋሼ።»

«ልጅ ከሆነችማ ጥሩ ነው። ልጅ ይሳሳታል።»

ከዚያ ነገሩን ነገሯት። ጉዳይህ ሰኞ ኢሲዮሎ ላይ ይታያል። እኔን በመኪናቸው ይወስዱኛል። እኔም «አባቴ ማርሳቢት ሲተኛ እኔም ተኝቼ ስለነበር አላየሁም፣ ደንግጬ ነው የተናገርኩት» እላለሁ። ያኔ መንጃ ፈቃድህ ይመለሳል፣ አንተም ወደ ሥራህ ትመለሳለህ። እምቢ ካልኩ ግን ሌላ ሹፌር ይቀጥራሉ። «ጎማዎቹን እኔ ቀይሬያለሁ» አሉ ሲነሱ፤ «የቀረው የእሷ አፍ ነው።»

እማ «ትሄጃለሽ» አለችኝ። አልተቆጣችም፣ ሽንኩርት እየላጠች ነው ያለችኝ። ከዚያ ወዲህ እሷም ብዙ አታናግረኝም።

ያን ቀን የሆነውን አንተም ታውቃለህ፤ ግን ከእኔ በኩልም ስማው።

ከናይሮቢ ስንሄድ መንገድ ላይ አልተኛህም። ሞያሌም ቦሎቄው ተጭኖ እስኪያልቅ ከጫኞቹ ጋር ስትጯጯህ ቆየህ፣ ወዲያው ተመለስን። ረዳትህ ታሞ ስለቀረ እማ ከአንተ ጋር የላከችኝ እያወራሁህ እንቅልፍ እንዳይወስድህ ነበር። ለዚህ ሥራ ኸባብ ይሻል ነበር። «አውሪ እንጂ፣ ሩሚ» ስትለኝ ወሬ ይጠፋኝና የመንገዱን ሰሌዳ አነብልሃለሁ። አንተም «እሱንማ እኔም አየዋለሁ» እያልክ ትስቃለህ። ስትስቅ ደስ ይለኝ ነበር።

ማርሳቢት ሻይ ልንጠጣ ቆምን። የመንዳት ሰዓት የሚሞላበትን ወረቀት ከመሪው ጀርባ አውጥተህ ሰጠኸኝ። እንግሊዝኛዬ የክላስ ስምንት ቢሆንም ለዚያ ይበቃል። «እዚህ ስድስት ሰዓት ተኝቷል በይ» አልከኝ። ሻይህ ገና አልበረደም።

«በቀን ከስምንት ሰዓት በላይ መንዳት ክልክል ነው አይደል?» አልኩህ።

«የከለከሉት ሰዎች ቦሎቄውን ናይሮቢ ቆመው አይጠብቁትም። የሚጠብቀው ዘካርያስ ነው።»

እኔም ጻፍኩ።

ኢሲዮሎ ሳንገባ ያቺ የደንብ ልብስ የለበሰችው ሴትዮ አስቆመችን። መስታወቱ ላይ የተለጠፈውን የዓመቱን ኢንስፔክሽን አየች፣ ደህና ነው። ቀጥላ ጎማዎቹን ረገጥ ረገጥ አደረገችና አንዱ ላይ ጣቷን አሳለፈች፣ ልሙጥ ነው። አንተ ራስህ ነግረኸኝ ነበር፤ ለኢንስፔክሽኑ ቀን ጋሽ ዘካርያስ ከሌላ ሎሪ አዲስ ጎማ ተውሰው ያስገጥማሉ፣ ካለፈ በኋላ የድሮው ይመለሳል። «የዒድ ልብስ ነው፣ ሲመሽ ይወልቃል» ብለህ አስቀኸኝ ነበር። ያን ጊዜ ግን አላሳቀኝም።

ወረቀቱን አነበበችና የማን ጽሕፈት እንደሆነ ጠየቀች። «የልጄ ነው። እሷን ተያት፣ አትናገርም» አልካት። በመስኮቱ በኩል ቀና ብላ አየችኝና «ባባ አሊላላ ዋፒ?» አለችኝ። ድምፅዋ የቁጣ አልነበረም። የት እንደተኛህ ብቻ ነው የጠየቀችኝ።

«ሃኩላላ» አልኳት። አልተኛም።

የደንብ ልብሱን ፈርቼ የተናገርኩ ይመስልሃል። ጋሽ ዘካርያስም፣ እማም እንደዚያ ይመስላቸዋል። አልፈራኋትም። አሁን የምነግርህን ለእማም አልነገርኳትም፣ ብነግራት አንተ ዳግመኛ መንገድ ስትወጣ እንቅልፍ አይወስዳትም ብዬ ነው።

ከማርሳቢት ወጥተን ላይሳሚስን ካለፍን በኋላ መንገዱ ቀጥ ያለ ነው፣ ሙቀቱም አስፋልቱን ያንቀጠቅጠዋል። አንተ «አውሪ» ማለት ትተህ ነበር። እኔም ደክሞህ ነው ብዬ ዝም አልኩ። ሎሪው ቀስ እያለ ወደ ግራ መሄድ ጀመረ። ጎማው ጠጠሩን ሲነካ ሰማሁት። ከፊታችን አንዲት ሴት ጀሪካን በጀርባዋ አዝላ በመንገዱ ጠርዝ ትሄድ ነበር። «አባ» ልልህ አፌን ከፈትኩ፣ ድምፅ አልወጣም። ደግሜ ከፈትኩ፣ አልወጣም። ከዚያ ወጣ። መሪውን ጠመዘዝክና «ምን ሆነሻል? አልተኛሁም» አልከኝ፣ ሬዲዮም ከፈትክ።

እኔ በጎን መስታወቱ ወደ ኋላ እያየሁ ነበር። አሸዋው ላይ ተቀምጣለች። ጀሪካኑ ተንከባሎ ውሃው ይፈሳል። እጆቿን ጭንቅላቷ ላይ አድርጋለች። ትንሽ ቆይታ ተነሳች፣ አልሐምዱሊላህ፣ ተነሳች። ከዚያ መንገዱ ታጠፈና አላየኋትም። ተጎድታ እንደሆነ አላውቅም። አንተም ሬዲዮው ውስጥ ከሚዘፍነው ጋር ታፏጭ ነበር።

ፖሊሷ ስትጠይቀኝ ድምፄ በመጀመሪያው ወጣ። ስለዚህ ነው።

አባ፣ ቤቱ አንተን ይፈልጋል። ሥራውንም እንደምትወደው አውቃለሁ። ሌላ ሹፌር በአንተ ወንበር ሲቀመጥ ማየት ለእኔም ይከብደኛል። እምቢተኛ ልጅ መሆን አልፈልግም። ስለዚህ አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ መልሱን በሰዲቃ ስልክ ከሰኞ በፊት ላክልኝ።

ያቺ ሴት ምን ቀለም ለብሳ ነበር?

ከፊታችን ነበረች፣ ፀሐይም ነበር፣ ልብሷም ከሩቅ የሚታይ ነው። ቀለሙን ከነገርከኝ ከጋሽ ዘካርያስ ጋር ሄጄ ተሳስቼ ነው እላለሁ፣ አንተንም ይቅርታ እጠይቅሃለሁ። ካላወቅከው ግን አልሄድም፣ አንተም ሂጂ አትበለኝ። ገምተህ አትመልስልኝ።

አጎቴ ኢልያስን ሰላም በልልኝ። እዚያ እስካለህ በደንብ ተኛ። አላህ ከመንገድ ክፉ ይጠብቅህ፣ በመንገድህ ያሉትንም ይጠብቅልን።

ልጅህ
ሩመይሳ ፈድሉ