የችኮላ ፓውደር

ሰኞ፣ ሰኔ 3

ሬዲዮ ስጠግን ዋልኩ። የጠረጴዛዬን ግማሽ የእህቴ ልጅ ኦፎሪዋ ወርሳዋለች። ከርከዴ ውስጥ በተነከሩ መስታወቶች ከፀሐይ ኤሌክትሪክ ልታወጣ! ሐሙስ መምህሮቿ ፊት ካልኩሌተር ካላስነሳችበት ዘንድሮ ምረቃ የለም። ከርከዴውን ቀመስኩት... ስኳር ይጎድለዋል። ነገርኳት። በማንኪያ አባረረችኝ።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 4

የመጀመሪያው ጥንድ መስታወት ሠራ! የኤሌክትሪክ መለኪያዬ ቀስት ዘለለች። እኔም ዘለልኩ። በከተማችን በኩማሲ ላሸነፈ ሰው አንገቱ ላይ ፓውደር ይነሰነስለታል፤ የፓውደር ቆርቆሮዬን አንስቼ በተንኩ። አንገቷ ላይ ብቻ ብነሰንስ ምን ነበረበት? ፕላቲኒየም ተቀብተው ምድጃ የሚጠብቁት ሦስቱ መስታወቶችም ነጡ። ደግሞ ልርዳ ብዬ በሸሚዜ ጫፍ ወለወልኳቸው...

"አጎቴ! ፕላቲኒየሙን እኮ ጠረግከው!"

"ያ ግራጫው? እድፍ መስሎኝ..."

የፕላቲኒየሙ ጠርሙስ ውስጥ ጠብታ አልቀረም። ቆርቆሮዬን ቀምታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ሚስቴ ሰርዋ "ሽበታም ሕፃን!" አለችኝ። ሳቅኩ። ብቻዬን።

ረቡዕ፣ ሰኔ 5

"ፕላቲኒየሙ ሥራው ምንድን ነው?" አልኳት።

"በረኛ በለው። ኤሌክትሪኩ ዞሮ ሲመጣ ቶሎ ያስገባዋል። ያለ እሱ ይንቀራፈፋል።"

"ሌላ በረኛ የለም?"

መስታወቶቹን አገላበጠች። ከዚያ ፈገግ... "ካርቦን አለ። የሻማ ጥላሸት!"

ሻማ ለኮስን። አንዱን እኔ አጠቆርኩ፤ ኮራሁ።

"ኤሌክትሪክ የማያስተላልፈውን ገጽ ነው ያጠቆርከው! መለኪያው እጅህ ላይ እያለ? ጠጋኝ ነኝ ትላለህ ደግሞ!"

ጠርጋ፣ ለክታ፣ ራሷ ሠራችው። ቀስቷ ተነሳች፤ ከትናንቱ ትንሽ ትሰንፋለች። ይበቃ ይሆን? አራቱን ጥንዶች ስናያይዝ ደመና መጣ። ነገም እንዲህ ከሆነስ?

ሐሙስ፣ ሰኔ 6

ጠዋት ደመና። እጄን ኪሴ ከትቼ የትምህርት ቤቷ ግቢ ጥግ ቆምኩ፤ ትእዛዟ ነው።

አንዱ መምህር "ይሄ የተቃጠለው ምንድን ነው?" አላት።

"ጥላሸት ነው፣ ጌታዬ። በፕላቲኒየም ምትክ። ጉልበቱ ያንሳል፤ ግን ሻማ የትም ይገኛል።"

ደመናው ተገለጠ... ካልኩሌተሩ ላይ ዜሮ ብቅ አለ። ዜሮ! ዜሮ አይቼ ልጨፍር? መምህሩ ቁጥር እየነካካ ደመረ፣ ቀነሰ፣ ሳቀ። "ተመራቂዎቹ ጋ ግቢ፣ ልጄ። አልፈሻል።"

እየሮጠች መጣች። ፊቷ ላይ የሻማው ጥላሸት አልለቀቀም። ቦርሳዋን ከፈተች፤ ቆርቆሮዬ!

"በል አጎቴ፣ አሁን ነስንስ!"

"ቆይ" አልኳት።

መጀመሪያ መስታወቶቹን በመሐረቤ ሸፈንኩ።