ፖሊስ በሌለበት ስለተያዘው የቧንቧ ሠራተኛ

ለተከበሩ የአካባቢያችን ፖሊስ ጣቢያ አዛዥ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ ከግቢ ወጥታ የማታውቀው የጣቢያው መኪናም በሙሉ ጤንነት እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ ከወንዙ ማዶ ያለን ሽንኩርት አምራቾች እስካሁን በሕይወት አለን፤ ለዚህ እርስዎን የምናመሰግንበት ምክንያት ፈልገን ስላጣን፣ የተገኙትን ምስጋናዎች ብቻ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. የጋራ የውሃ ፓምፓችን በጠራራ ፀሐይ ተነቅሎ ሲወሰድ ስላሳዩን እርጋታ እናመሰግናለን። የፓምፑ ጠባቂ ታናሽ ወንድሜ ነው። ሌቦቹ ክንዱን በብረት ሰብረው ጥለውት ሲሄዱ ወደ ጣቢያው ብደውል፣ ስልኩን ያነሱት ባልደረባዎ «እህቴ፣ መኪናዋ ነዳጅ የላትም፤ የሌቦቹን ስም ይዘሽ ነይ» አሉኝ። ወንድሜ የመታውን ሰው ፊት በደንብ አይቶታል፤ ስሙን ሳይጠይቀው በመቅረቱ ግን በእሱ ፈንታ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

፪. ስለ ማኅበረሰብ ፖሊስ እንዲያስተምሩን መኮንን ስለላኩልን እናመሰግናለን። እሳቸውም አንጸባራቂ ሰደርያና ፊሽካ አደሉን። ፊሽካው ሲነፋ ማን እንደሚመጣ የጠየቀች ጎረቤቴ «እናንተው ናችኋ!» የሚል አጥጋቢ መልስ አግኝታለች።

፫. ይህኛው ስለሚረዝም ይታገሡኝ። ችግኛችን በውሃ ጥም እየደረቀ፣ ሰዉም በንዴት እየጨሰ ሳለ፣ አንድ የማናውቀው ሰው ቧንቧና መፍቻ የሞላ ጆንያ ተሸክሞ በማሳችን ዳር ሲያልፍ ታየ። ፊሽካ ተነፋ፤ በትምህርቱ መሠረት እኛው መጣን። ሰውየው «የቧንቧ ሠራተኛ ነኝ፣ ትምህርት ቤቱ ነው የጠራኝ» እያለ ቢምልም የሚሰማው አልነበረም። የመጀመሪያው ድንጋይ ቅንድቡን ሲፈነክተው ወደ ጣቢያው ደወልኩ፤ «ይዛችሁት ኑ» ተባልኩ። ጡብ ሠሪው ጎረቤታችን፣ የሰው ሐዘን የማያልፈው፣ የታመመ ሲሰማ ቀድሞ የሚደርስ ሰው፣ ዱላውን ከራሱ በላይ አንስቶ አየሁት። ጮኼ ይሆናል፤ ድምፄን ግን እኔም አልሰማሁትም።

ወንድሜ በጀሶ የታሰረ ክንዱን ደረቱ ላይ ይዞ ሰዉን ሰንጥቆ ገባና በሰውየው ላይ ተደፋበት። «እኔን የመታኝ ይሄ አይደለም! ፊቱን አውቀዋለሁ! ከመታችሁ እኔን ምቱ!» አለ።

ዱላው አየር ላይ ቀረ። ርዕሰ መምህርቷ ጫማቸው ወልቆ እየሮጡ ደርሰው «ኧረ የጠራሁት እኔ ነኝ!» ሲሉ፣ ጡብ ሠሪው መሬት ላይ ዘጭ ብሎ ተንሰቅስቆ አለቀሰ። እኛም እርስ በርስ ቀና ብለን መተያየት አቃተን። ሰውየውን በጋሪ ጤና ጣቢያ አደረስነው። ነፍሱ ተርፋለች፤ የግራ ዓይኑ ግን መትረፉ ገና አልታወቀም።

፬. በማግሥቱ በድምፅ ማጉያ «ሕዝቡ ከፖሊስ ጋር ተቀናጅቶ ተጠርጣሪ በቁጥጥር ሥር አዋለ» ተብሎ ስለተነገረልን ምስጋና ባቀርብ ደስ ባለኝ ነበር፤ አልቻልኩም። ያን ዕለት ነፍሰ ገዳይ ለመሆን የቀረን አንድ ምት ብቻ ነው። ሙገሳውንም ሰደርያውንም መልሳችሁ ውሰዱና፣ ሲደወልለት የሚመጣ አንድ ፖሊስ ስጡን፤ በእግሩም ቢሆን።

የእንቅልፍዎን ሰላም ሳላውክ እንደማልቀር እየሰጋሁ፣ በታላቅ አክብሮት እጅ እነሣለሁ፤

የፓምፕ ጠባቂው ታላቅ እህት

ማሳሰቢያ፦ ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የለጠፍኩት በእጅዎ ላስረክብ መጥቼ የጣቢያው በር በቀን ከውስጥ ተቆልፎ ስላገኘሁት ነው። ለምን እንደተቆለፈ ብጠይቀው፣ ዘበኛው በቀዳዳ አሾልኮ እያየኝ «እትዬ፣ ምን ይደረግ፣ ሰሞኑን ሌባ በዝቷል» አለኝ።