የእማዬ ታይፕ ለጌጥ አይሄድም

ይድረስ ለወንድሜ ለይታገሱ፣
አዳማ

እንዴት ነህ ወንድምዬ? ጤናህ፣ ሥራህ፣ ቤትህ እንዴት ነው? ባለቤትህ ራሄልስ? ልጃችሁ ህሊናዬስ ፊደል ለየች? ያ ሁሉ መከራ አልፎ እማዬም እኔም በሕይወት አለን፤ ተመስገን። ሙሉ በሙሉ ደህና ነን ብዬ ግን አልዋሽህም። እማዬን ጉልበቷ ያስቸግራታል፣ እኔን ደግሞ ንዴት። የምናደደው ባንተ ነው፤ ቆይ፣ እደርስበታለሁ።

ሾፌሩ ሀብታሙ መንገዱ እንደተከፈተ ያመጣልንን ደብዳቤህን ለእማዬ አነበብኩላት። አንድ ባለሆቴል ለእንግዳ መቀበያው ጌጥ የሚሆን አሮጌ የጽሕፈት መኪና ይፈልጋል፣ ወጣቶቹ አጠገቡ ፎቶ መነሣት ይወዳሉ፣ ዋጋውም ደህና ነው ብለሃል። የእማዬን ታይፕ በሀብታሙ አስጭኜ፣ ቤቱን ዘግቼ፣ እሷን ይዤ አዳማ እንድገባም ጽፈሃል። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም! እናንተ ዘንድ አሮጌ ታይፕ እንደገና ተወደደ ማለት ነው? እዚህም ተወዷል፣ ግን ለፎቶ አይደለም።

ታጣቂዎቹ መርሳን ይዘው ሳሉ የሆነውን አልሰማህም፤ በምን ስልክ ልንገርህ? ቤት ለቤት ሲፈትሹ የሱቄን ኮምፒውተርና ፎቶ ኮፒ ከነገመዱ ነቅለው ጫኑት። እማዬ ታይፑን ከነሳጥኑ ጓዳው በር ላይ አድርጋ፣ ጋቢ አልብሳ ቁጭ አለችበት። ተነሺ ሲሏት ጉልበቴን፣ ወገቤን እያለች አቃሰተች። ካነሣችሁኝማ አዝላችሁ ጸበል ታደርሱኛላችሁ አለቻቸው። አንዱ ልጅ እግር ሳቁ መጣና ተዉአት አለ። እኔ ነፍሴ ልትወጣ ነበር። እነሱ ከግቢ ሲወጡ እሷ እንደ ኮረዳ ብድግ! እንግዲህ ያቺን ሴትዮ ነው ሶፋ ላይ አስቀምጠህ ልትጦራት ያሰብከው።

አሁን መብራቱ ገና አልመጣም። የስንቱ ሰው መታወቂያ፣ የመሬት ደብተር፣ የልጆች ሰርተፊኬት ተቃጥሏል። ከየገጠሩ፣ ከውርጌሳም ሳይቀር ማመልከቻ ሊያስጽፍ የሚመጣው ብዙ ነው። እግዜር ሳይደግስ አይጣላምና ታይፑን በረንዳ ላይ አውጥቼ እመታለሁ። ሪባኑ ደርቆ ነበር፤ እማዬ የማኅተም ቀለም ቀባብታ አስነሣችው። መጀመሪያ የመታሁ ዕለት ጎረቤታችን ከድጃ ተኩስ መስሏት ጀሪካኗን ጥላ ግንቡ ሥር ተኛች። ሮጬ ሳነሣት፣ ያ አላህ፣ የደብሪቱ ታይፕ ነው እንዴ ብላ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ከዚያ ወዲህ በርጩማዋን ይዛ እየመጣች ወረፋ ታስከብርልኛለች፤ ማን ይደፍራታል!

ትዝ ይልሃል፣ እማዬ ከቢሮ ስትመለስ ነጠላዋን እጃችን ላይ ጣል አድርጋ ፊደሉን ሳናይ እንድንመታ ስታስተምረን? አንተ ነጠላውን ገለጥ እያደረግህ ስትሰርቅ በማስመሪያ ጣትህን ታቀምስህ ነበር። ዛሬ ጣቴ ራሱ መንገዱን ስለሚያውቅ ዓይኔ ባለጉዳዩ ላይ ነው። በቀደም አንድ አባት ከእነ ቤታቸው ወረቀታቸው ሁሉ ነዶባቸው መጡ። ጽፌ ስጨርስ ስምዎ ይኸውና ብዬ አሳየኋቸው። ወረቀቱን ግንባራቸው ላይ አድርገው፣ እንግዲያው አለሁ አሉ። አለቀስኩ፤ ምን ላድርግ።

አሁን ወደ ንዴቴ ልምጣ። ሌላው ዘረፈን፣ አቃጠለን፤ የቀረችንን አንተ ለጌጥ ልትሸጥ? ለባለሆቴሉ፣ እህቴ ወይ ፍንክች ብላለች በለው! ፎቶ ካማረው መርሳ መጥቶ ከድጃ ዘንድ ወረፋ ይያዝ። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል ይላሉ፤ እኛ ግን አልወደቅንም። አንተም ገዢ ማፈላለጉን ትተህ ሪባንና ካርቦን ፈልግልን። ይህን ደብዳቤም የመታሁት በዚያው በታይፑ ነው፤ ቀለሙ ቢደበዝዝብህ ጥፋቱ ሪባን ያልላከው ሰው ነው።

ተቆጣሁህ እንጂ አልጠላሁህም፤ አንድ ወንድሜ አይደለህ! ራሄልን አንገቷን አቅፈህ ሳምልኝ። ህሊናዬን ጉንጯ እስኪቀላ ሳማት፤ አክስትሽ ልካልሻለች በላት። ከድጃም ሰላም ብላችኋለች። የፊታችን ገና የሰላም ይሁንላችሁ። ሀብታሙ ልነሣ ነው እያለ ጡሩምባውን ይነፋል። እማዬ ግን ከታች ቦታ ተዪልኝ ብላኛለች፤ ጣቷ ቢደነዝዝም ራሷ ልትመታው ነው።

እህትህ ወይንሸት
መርሳ፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 2014 ዓ.ም.

ልጄ ይታገሱ፤ ታይፑ አይሸጥም። እኔም አልመጣም። ህሊናን ይዘሃት አንተ ና። ነጠላው አለ።
እናትህ ደብሪቱ