ግራ የገባው ምንጣፍ

ኅዳር 4

ቀኑን ሙሉ ጥርስ ስሞርድ ዋልኩ። የአንዲት አሮጊት የላይኛው ድርድር… ሐኪሙ "ይቆረቁራቸዋል" እያለ ደጋግሞ መለሰው። እኔ ሰው ሠራሽ ጥርስ የምሠራው የባለቤቱን ፊት ሳላይ ነው። በልኩ ካልመጣ ምን ላድርግ?

ቤት ስገባ ልጄ ሶፋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብላለች። እንደ እንግዳ። እናቷን መሥሪያ ቤቷ ወደ ሌላ ከተማ ስላዛወራት፣ ትምህርቷ መሀል ላይ እንዳይቋረጥ እኔ ጋ ቀረች። ግማሽ ዓመቱ ሲያልቅ ራሷ ትመርጣለች፤ ወይ እናቷ ጋ፣ ወይ እዚሁ። ከእናቷ ጋር የተስማማነው እንደዚያ ነው። እኔ እንድትቀር እፈልጋለሁ። በጣም እፈልጋለሁ። ለማንም አልተነፈስኩም።

አንድ ነገር ስትፈልግ "ይቅርታ…" ብላ ነው የምትጀምረው። "አባዬ" የለ፣ "አንተ" የለ። አስተናጋጅ የምትጠራ ነው የሚመስለው።

ኅዳር 6

ተናገረች! እራት ላይ "ምን ጎደለሽ?" ብላት፣ ሹካዋን እያየች፣ "ምንም… ምንጣፌ ብቻ እዚያ ቀረ" አለች።

ምንጣፍ! ይሄን ያህል ቀላል ነገር! ወለሉ ሴራሚክ ነው፣ ጠዋት ስትነሣ እግሯን ይበርዳታል። እንዴት አላሰብኩም?

ኅዳር 8

ገዛሁ። ወፍራም፣ ጸጉራም፣ ግራጫ። ጠቅልዬ በትከሻዬ ተሸክሜ ደረጃውን ስወጣ ከእኛ በታች የምትኖረው ነርስ በሯን ገርበብ አድርጋ "ሬሳ ነው?" አለችኝ። ማታ ሆስፒታል አድራ ቀን የምትተኛ ሴት ናት። ቀልዷም እንቅልፍ እንቅልፍ ይላል።

ልጄ አየችው። በጣቷ ነካችው። "ያምራል። አመሰግናለሁ።" በቃ። ለምን ደስ አላላትም? ቀለሙ ይሆን?

ኅዳር 9

ስልክ ስታወራ ሰማሁ። ሆን ብዬ አይደለም… እሺ፣ ሆን ብዬ ነው።

"እማ፣ ምንጣፍ ገዛልኝ… አይ፣ የወለል! እውነቴን ነው፣ የወለል!" ሳቀች። እዚህ ቤት ስትስቅ መጀመሪያዋ ነው። እሱም በእኔ።

ቆይቼ እናቷ ጋ ደወልኩ። "የዳንስ ነዋ!" አለች። "ቀስት የተሳለበት… ስክሪኑ ላይ ቀስቱ ሲመጣ በእግርህ የምትረግጠው! ከዕቃ ጋር ተጭኖ እኔ ጋ መጣ። ልላከው?"

"ተይው፣ እኔ እገዛላታለሁ" አልኩ። ለምን እንደዚያ አልኩ? ስለዚህ ነገር የማውቀው የለ! ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ ጸጉራሙ ምንጣፍ አልበቃኝም።

ኅዳር 12

ጎኔ ለሚሠራው ለመንጋጋ ነገርኩት። መንጋጋ ያልነው የራሱ መንጋጋ ስለማያርፍ ነው። "ምን ያስጨንቅሃል? ወለሉ ላይ በጠመኔ አራት ቀስት ሳልላት" አለኝ። እግሯ የት እንዳረፈ ጨዋታው በምን ያውቃል ብለው "እሱማ እኔ ምን አውቄ" አለ። አማካሪ ብዬ!

ኅዳር 15

ጌም የሚሸጥበት ሱቅ ሄድኩ። ቀስት ያለበት የዳንስ ምንጣፍ ብዬ ገና ሳልጨርስ ሻጩ፣

"የዳንስ ፓድ? ለስላሳ ነው ጠንካራ የሚፈልጉት፣ ጋሼ?"

"ቀን ቀን አልጠጣም" አልኩት። "ለስላሳ ይሁንልኝ።"

ትንሽ አየኝ። ከዚያ የታጠፈ የላስቲክ ምንጣፍ አምጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። ለስላሳው እሱ ነው ለካ! መሬት ብትከፈትልኝ እገባ ነበር።

ከዚያማ ናዳ። ለስላሳው ይታጠፋል፣ ግን ይሸበሸባል፣ እየጨፈሩበት ይሸሻል። ውስጡ ስፖንጅ ያለው ወፍራሙ ይሻላል፣ ግን ቦታ ይይዛል። ጠንካራው ብረት ነው፣ ንቅንቅ አይልም፣ ግን ይከብዳል፣ ይጮሃል። "ገመዱስ? ኮምፒውተር ላይ ነው የሚሰካው ጌም ማሽን ላይ?" ቴሌቪዥን ላይ አልኩ። "ቴሌቪዥን ላይማ አይሰካም፣ ጋሼ።"

ጀማሪ ናት? አላውቅም። በጫማ ነው በካልሲ የምትጫወተው? አላውቅም። ዘፈኑ ፈጣን ነው ቀስ ያለ? አላውቅም፣ አላውቅም… ስለ ፓዱ የሚጠይቀኝ መስሎኝ ነበር። ለካ የሚጠይቀኝ ስለ ልጄ ነው። ባዶ እጄን ወጣሁ።

ኅዳር 17

ምሳ ሰዓት ኢንተርኔት ላይ አነበብኩ። አንዱ "ብረቱን ያልገዛ ገንዘቡን ውኃ በላው" ይላል። ሌላው "ጀማሪ ሆኖ ብረት የሚገዛ ሞኝ ነው።" ሁለቱም እርግጠኛ። እንዴት ነው ሰው እንደዚህ እርግጠኛ የሚሆነው?

ኅዳር 19

በዘዴ ላውጣጣት ብዬ "ቤት ውስጥ ካልሲ ነው የምትወጂው ጫማ?" አልኳት።

"ይቅርታ… ምን?"

ተውኩት።

ኅዳር 22

ለስላሳውን ገዛሁ። ብሳሳት ብዙ አልጎዳም ብዬ።

ስታየው ዓይኗ በራ፣ እውነቴን ነው። የቤቱ ኮምፒውተር ላይ ሰካችው፣ ጫማዋን አወለቀች። (ካልሲ!) ጀመረች… ቆመች። እንደገና… ቆመች።

"ይቅርታ… ግራው አይገባም።"

"ማለት?"

"ቀኙ ይገባል። የላዩም የታቹም ይገባል። ግራውን ስረግጠው አይቆጥርም። አልገባም።"

"ግራ የገባውማ እኔን ነው" አልኳት።

ሳላስበው ነው ያመለጠኝ። ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ ፍርስ አለች። ሴራሚኩ ላይ ቁጭ ብላ ሆዷን ይዛ ሳቀች፣ እኔም ተከተልኳት። በእኔ ነው የሳቀችው ከእኔ ጋር? አላውቅም፣ ግን ዕድሜዬን ሙሉ ብሰማው አይሰለቸኝም።

በሩ ተንኳኳ። ነርሷ፣ ነጠላ ጫማዋን ግራና ቀኝ አቀያይራ፣ ዓይኗ ግማሽ ክድን። "ምነው፣ ሬሳው ተነሣ?"

ኅዳር 23

ለመቀየር አብረን ሄድን። ሱቁ ውስጥ ሌላ ልጅ ሆነች! ሻጩን ታፋጥጠዋለች፣ ፓዱን ትጫናለች፣ ገልብጣ ጀርባውን ታያለች። ብረቱ ላይ ስትወጣ ፊቷ ፈካ። "እሱን ውሰጂው" አልኳት።

"አይሆንም። እኛ ቤት ታች የምትተኛ ሰው አለች።"

"እኛ ቤት" አለች። ከአፏ አምልጧት ነው? ልጠይቃት ፈራሁ። ባለ ስፖንጁን መረጠች።

ቤት ስንደርስ፣ "ይቅርታ… ጸጉራሙ ምንጣፍ የታለ?" እታች እሱ ተነጠፈ፣ እሱ ላይ የድሮው መደርደሪያ ጣውላ፣ ከላይ ፓዱ። ምንጣፉ ድምፅ ይውጣል፣ ጣውላው ፓዱን እንዳይረግብ ይይዘዋል። ጸጉራሙ ሰውዬ ሥራ አገኘ!

ኅዳር 25

ልጄ እኛ ቤት ስትዘል እኔ ነርሷ ቤት ሆኜ አዳመጥኩ። ነርሷ ጣሪያውን እያየች፣ "ደህና ነው። ድመት ስታልፍ ያህል ነው" አለች። ለማንኛውም ከእንቅልፏ ከተነሣች በኋላ ብቻ እንዲሆን ተስማማን።

ታኅሣሥ 7

"አንተም ሞክር" አለችኝ ልጄ። እኔ! በዚህ ዕድሜ! ቀስቶቹ ይዘንባሉ፣ እኔ ገና አንዱን ሳነብ ሦስቱ ያልፋሉ። ቀኝ ሲለኝ ግራ፣ ግራ ሲለኝ ደግሞ… የትም።

"አንተ ሰውዬ! ግራ አልኩህ እኮ! እሱ ቀኝህ ነው!"

ጮኸችብኝ። "ይቅርታ" የለ፣ ምን የለ። ሰው ተሰድቦ እንዲህ ደስ ይለዋል?

ታኅሣሥ 18

መንጋጋ፣ "እግርህን ምን ነካው? ጠረጴዛው ተንቀጠቀጠ" አለኝ። ለካ እየሠራሁ ቀስት እረግጣለሁ።

የአሮጊቷ ጥርስ በስንት ጊዜው ልክ መጣላቸው።

ጥር 20

ፈተና ጨረሰች። እራት ላይ፣ ሹካዋን ሳይሆን እኔን እያየች፣

"እማ ጋ ነው የምሄደው።"

"እሺ" አልኩ።

"ተቆጣህ?"

"ኧረ ምን በወጣኝ!"

ሳህኑን አጠብኩ፣ የታጠበውን ደግሜ አጠብኩ። ከፋኝ። ምን አጠፋሁ? ነው ወይስ ጥፋት አያስፈልገውም፣ እናቷ ስለሆነች ብቻ? ብረቱን ብገዛላት ኖሮስ… ምን ዓይነት ጥያቄ ነው ይሄ ደግሞ?

ጥር 24

ሻንጣ ስታዘጋጅ ፓዱን አጣጥፌ፣ ገመዱን ጠቅልዬ፣ አልጋዋ ላይ አኖርኩላት። አየችው። ግንባሯን ቋጠረች።

"ይሄ እዚህ ምን ይሠራል?"

"ያንቺ ነዋ። ውሰጂው።"

"እዚያማ አለኝ እኮ! ይሄ የዚህ ቤት ነው።" አንሥታ ወደ ሳሎን መለሰችው፣ ጣውላው ላይ ዘረጋችው፣ ጫፉን በእግሯ አስተካከለች። "ለክረምት እስክመጣ ግራ እግርህን አሠልጥነው። አሳፈርከኝ።"

 ከዚያ ተመልሳ ልብሷን ማጠፍ ቀጠለች፣ ምንም እንዳልተናገረች።

ጥር 27

ቤቱ ጭር ብሏል። ከሥራ ስመጣ ሶፋው ጫፍ ላይ ማንም የለም። ዕንባዬ መጣ፣ አልደብቅም።

ነርሷ እስክትነሣ ጠበቅኩ። ጫማዬን አውልቄ፣ በካልሲ፣ ቀስ ያለውን ዘፈን ከፈትኩ። ቀኝ ሳትኩ። የላዩን ሳትኩ። ግራው ገባ።

በሩ ተንኳኳ። ነርሷ ናት፣ ወደ ሥራ ልትወጣ ቦርሳዋን አንጠልጥላ። "ልጅቷ ሄደች አላልክም? ማነው የሚዘለው?"

"እኔ ነኝ" አልኳት። "ልጄ ክረምት ትመጣለች።"