ባለቤቱ በአካል ቀርበው ይውሰዱ ስለተባሉት ሦስት ደብተሮች

ለተከበሩ የወጣቶች መዝናኛና ንባብ ማዕከል ኃላፊ
ሐረር

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎንና የቤተሰብዎን ጤንነት እጠይቃለሁ። ልጆችዎ እንዴት ናቸው? እንደወጡ ሁሉ በደኅና ይመለሱልዎት። የማዕከሉ ገምጋሚ ኮሚቴ አባላትም ደኅና እንደሆኑ አምናለሁ፤ ባለፈው ሳምንት በምሳ ሰዓት በመስኮት ሳያቸው በጣም ይስቁ ነበርና ሳቃቸውን አያጉድልባቸው።

እኔ ወይዘሮ ለተማርያም እባላለሁ፤ ሸዋ በር ሽንኩርትና ድንች እሸጣለሁ። የተማርኩት እስከ ስምንተኛ ክፍል ስለሆነ የምጽፈው ቀስ ብዬ ነው፤ ይህቺን ደብዳቤ ለመጨረስ ሦስት ቀን ወስዶብኛል። ለሰው ሁሉ እንድትነበብ ያደረግሁትም ክብርዎን ለመንካት ሳይሆን፣ በእጄ ያስገባኋቸውን ሁለት ማመልከቻዎች መዝገብ ቤቱ ተቀብሎ የት እንዳስቀመጣቸው ማስታወስ ስላልቻለ ነው።

ግንቦት አሥራ ስምንት ቀን እንደ ወትሮዬ ከሽንኩርቴ ኋላ ተቀምጬ ነበር። «ድሬ! ድሬ! ሁለት ሰው የቀረው!» እያለ ቀኑን ሙሉ የሚጮኸው ተራ አስከባሪ ዓይኑ እኔ ላይ ሲያርፍ ዝም አለ። ያ ሰው ዝም ብሎ አያውቅም። ወዲያው አጠገቤ ቲማቲም የምትሸጠው ናዝራ፣ ሳልለምናት፣ ዕቃዬን በሸራ ትሸፍን ጀመር። ልጅሽን ትንሽ አሞታል ብለው በባጃጅ አሳፍረው ወደ ቤት ወሰዱኝ። በእኛ ዘንድ መርዶ በማለዳ፣ በሽማግሌ አፍ ነው የሚነገረው፤ እኔ ግን ሰፈሬ ስደርስ የእድሩ ሰዎች በደጄ ድንኳን ሲተክሉ አየሁና ማንም አፉን ሳይከፍት ገባኝ። ልጄ ኤልሳዕ ከድሬዳዋ ሲመለስ የተሳፈረበት መኪና ደንገጎ ዳገት ላይ ተገልብጦ ነበር። ሃያ አራት ዓመቱ ነው።

ድሬዳዋ የሄደው ወረቀት ሊገዛ ነው። የወረቀቱን ነገር ከዚህ በታች አስረዳለሁ፤ ነገር ግን ማንንም ገዳይ ለማለት እንዳልሆነ አስቀድመው ይወቁልኝ። ልጄን የገደለው ፍጥነት ነው፤ ማዕከሉ ደግሞ ምንም ነገር በፍጥነት አድርጎ እንደማያውቅ ከተማው ሁሉ ይመሰክርልዎታል።

ኤልሳዕ በሥዕል የሚነገር ተረት ይሠራ ነበር፤ እነሱ ኮሚክ ይሉታል። እሱ ይሥላል፣ ፈረስ መጋላ የፎቶ ኮፒ ሱቅ ያለው ጓደኛው ናስር ቀለም ይቀባል። እንዲህ እያሉ ሦስት ደብተር ሞሉና ጥር ላይ ለማዕከሉ አስገቡ፤ ከታመነበት ታትሞ በንባብ ክፍሉ ይቀመጣል ተብለው ነበር። ታሪኩ ጀጎልን በምትመስል ከተማ ውስጥ ባጃጅ ስለምትነዳ ሴት ነው። ባጃጇ ትበራለች። ከግንቡ ውጭ አንድ ግዙፍ ሰው ተኝቷል፤ እሱ ሲነቃ በሮቹ ሁሉ ስለሚዘጉ፣ ሴትየዋ ከዚያ በፊት እናቷን ከከተማው ማውጣት አለባት። እናቷ ግን ዕቃዬን ሳልሸጥ አልሄድም ብላ ተቀምጣለች። ሽንኩርት ነው የምትሸጠው።

እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፣ ኮሚቴው ስለ ሰጠው አስተያየት አመሰግናለሁ። ባጃጅ መብረሯ የትራፊክ ደንብ የሚጥስ ነው ተብሏል። እኔም ብሆን ሸዋ በር ላይ መንቀሳቀስ ያቃታት ባጃጅ በየት በኩል ትበራለች ብዬው ነበር። ግዙፉ ሰውዬ ደግሞ ማንን እንደሚወክል ስላልታወቀ በገጽ አሥራ አራት ላይ ቁመቱ እንዲቀነስ ታዘዘ። ኤልሳዕ ሦስት ቀን አሰበበት። ሰውዬውን ማሳጠር አንጀቱ እምቢ ሲለው ግንቡን ሊያስረዝመው ቆረጠ፤ ያኔ አጭር ይመስላል አለኝ። ለረጅም ግንብ ደግሞ ትልቅ ወረቀት ያስፈልጋል፤ ትልቅ ወረቀት ያገኘው ድሬዳዋ ነው።

በአስተያየቱ መጨረሻ ላይ ኮሚክ፣ ጌምና የቅዠት ፊልም ወጣቱን ሥራ ፈት ስለሚያደርጉ ይልቁንም ስለ ቁጠባ ቢሣል ይሻላል የሚል ምክር አለ። በዚህ ላይ ኮሚቴውን ልወቅስ አፍ የለኝም። ኤልሳዕ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ሳለ ከጌም ቤት ጆሮውን ይዤ በጓደኞቹ ፊት አውጥቼዋለሁ። ይጫወት የነበረው ኳስ ነው፤ በአውራ ጣት ኳስ መጫወት ምን የሚሉት ነው ብዬ ነው የጎተትኩት። ሃያ አራት ሲሞላውም ተረት የሕፃን ነው፣ ሥራ ፈልግ እለው ነበር። ኮሚቴው ያለውን ሁሉ እኔ አስቀድሜ ብዬዋለሁ። እኔ ማኅተም የለኝም፣ ልዩነታችን እሱ ብቻ ነው።

ሁለተኛ፣ ስለ ላካችሁት ደብዳቤ አመሰግናለሁ። በአምስተኛው ቀን፣ ድንኳን ውስጥ እንደተቀመጥን፣ በኤልሳዕ ስም የታሸገ ፖስታ መጣ። ባለ ማኅተም ስለሆነ የኀዘን መግለጫ መሰለኝ። ልጄ በመንግሥት ቤት እንዲህ ይታወቅ ነበር እንዴ ብዬ ትንሽ ደስ አለኝ፤ ይህንንም አልደብቅዎትም። ለቀስተኛው ሁሉ ዝም እንዲል ተደረገና ናስር ቆሞ አነበበው። «ያቀረቡት ሥራ ለወጣቱ ጠቃሚ ሆኖ ስላልተገኘ ተቀባይነት አላገኘም። ባለቤቱ በአካል ቀርበው እስከ ሰኔ ሠላሳ ካልወሰዱ በበጀት ዓመቱ መዝጊያ ይወገዳል» ይላል። ናስር መሐል ላይ ድምፁ ተቆረጠ። የእድራችን ዳኛ አቶ አሰፋ ግን ዕድሜ ስለተጫናቸው የጸሎት መጨረሻ መሰላቸውና «አሜን» አሉ። ድንኳኑም በሙሉ አሜን አለ።

ሦስተኛ፣ ስለ ሥርዓት አክባሪነታችሁ አመሰግናለሁ። በመጀመሪያ ስመጣ ባለቤቱ በአካል ይምጡ ተባልኩ። ባለቤቱ ዐርፏል አልኩ። የመዝገብ ቤቱ መስኮት ላይ ያለችው ልጅ ነፍስ ይማር ብላ፣ እንግዲያው ውክልና ሰጥቶ ሰው ይላክ አለችኝ። ክፋት የላትም፤ እንዲህ በል የተባለ ሰው ነው የሚናገረው። በሁለተኛው ከቀበሌ የሞት የምስክር ወረቀት ይዤ መጣሁ፤ የወራሽነት ማስረጃ ከፍርድ ቤት አምጪ ተባልኩ። ፍርድ ቤት ስሄድ የሚወረሰው ነገር ምን እንደሆነ ማዕከሉ ይጻፍልን አሉ። ማዕከሉ ደግሞ ከባለቤቱ በቀር ለማንም አንጽፍም አለ። ከዚያ ወዲህ የምሄድበት ቦታ አላገኘሁም። ሽንኩርቴ ጋ ተመልሼ ተቀመጥኩ።

አራተኛውን ለመጻፍ እጄ ስለሚከብደኝ ብዙ አላስረዝመውም። ባለፈው ሳምንት ለሦስተኛ ጊዜ ስመጣ ምሳ ሰዓት ነበርና ሳቅ ወደሚሰማበት ክፍል ሄድኩ። በመስኮት ሳይ የልጄ ደብተሮች በጠረጴዛው ላይ ናቸው። ሁለቱን ሠራተኞቹ ይቀባበሏቸዋል፤ ሦስተኛው በእርስዎ እጅ ነው። ጠርዙ በጣት ብዛት ለስልሷል። ለወጣቱ የማይጠቅም የተባለው ለጎልማሳው ይህን ያህል ከጠቀመ መልካም ነው።

ሲያዩኝ ደንግጠው ተነሡ፤ አክብረውም ወንበር ሰጡኝ። ምን ማለት እንዳለብዎት ስለጨነቅዎት ይመስለኛል፣ ስለ ታሪኩ ያወሩልኝ ጀመር። የመጀመሪያው ደብተር ይበልጣል አሉ፤ ሁለተኛው ትንሽ ይንዛዛል፤ ፊልም ቢሆን ኖሮ የውጭውን ያስንቅ ነበር አሉ። ከዚያ ድምፅዎን ዝቅ አድርገው፣ «እናቴ፣ አራተኛ ደብተር ቤት ትቷል እንዴ? ለመሆኑ እናትየዋ ትወጣለች?» ብለው ጠየቁኝ።

ዝም ያልኩት ንቄዎት አይደለም። ኤልሳዕ ማታ ማታ አጠገቤ ተቀምጦ ሽንኩርት እየለየልኝ ታሪኩን ሁሉ ነግሮኛል፤ መጨረሻውንም ነግሮኛል። እኔ አልሰማሁትም። የበሰበሰውን ከደኅናው እየለየሁ «እህ» እለው ነበር። «እማዬ፣ እየሰማሽኝ ነው?» ሲለኝም «እህ» ብዬዋለሁ። ትወጣ እንደሆነ፣ ቀርታም እንደሆነ፣ ልጇን ምን ብላ እንደመለሰችላት የማውቀው ነገር የለም። የመጨረሻዎቹን ገጾች ኤልሳዕ ለብቻው ስለጨረሳቸው ናስርም አያውቀውም። ያንን የምፈልግበት ሌላ ቦታ የለኝም፤ ያለው እርስዎ እጅ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ መጥታ ያለ ማስረጃ ምንም እንደማይሰጥ አስታወሰችዎት፤ እርስዎም ደብተሩን ቁምሳጥን ውስጥ ቆለፉት።

ክቡር ሆይ፣ ለመክሰስ አቅም የለኝም፤ የማውቀው ትልቅ ሰውም የለም። የልጄ አርባ ሰኔ ሃያ ሰባት ነው። ደብተሮቹ የሚወገዱት ሰኔ ሠላሳ ነው። ቢታተሙም አልልም፤ ባጃጇ ትብረርም አትብረርም አልልም። ሰውዬውንም የፈለጋችሁትን ያህል አሳጥሩት። ደብተሮቹን ብቻ መልሱልኝ።

በማኅተምዎ ጥላ ሥር የምንኖር፣ ፋይላችን ያልተገኘልን፣ ጊዜዎን ያባከንን ሁሉ ወክዬ፣ ወንበር ስለሰጡኝ ከልቤ እያመሰገንኩ፣ ታላቅ አክብሮቴን ከእግርዎ በታች አኖራለሁ።

ወይዘሮ ለተማርያም፣ የኤልሳዕ እናት
ሸዋ በር፣ ሰኔ ሃያ ሁለት ቀን

ማሳሰቢያ፦ ከእጅዎ ያለው ሦስተኛው ደብተር አልቆልዎት ካልሆነ አላስቸኩልዎትም። በመስኮት ያየሁትን ሥዕል ለናስር ብነግረው፣ ከከፈቱበት ገጽ ወዲያ ዘጠኝ ገጽ ብቻ እንደሚቀር ነግሮኛል፤ በአንድ ምሳ ሰዓት ያልቃል። ሰኔ ሃያ ሰባት ከመቃብር ስመለስ ደጃችሁ ላይ እቀመጣለሁ። ደብተሩን መስጠት ደንቡ ካልፈቀደ፣ ወጥተው እናትየዋ ልጇን ምን እንዳለቻት በቃል ይንገሩኝ፤ ለቃል ማስረጃ የሚጠየቅ አይመስለኝም።

ይህን የምታነቡ ሁሉ ደግሞ፣ ስለ ኮሚክም ስለ ጌምም ያላችሁ አስተያየት ምንም ይሁን ምን፣ ልጄን በጸሎታችሁ አስቡልኝ። የክርስትና ስሙ ገብረ መድኅን ነው። የጀጎል ጎረቤቶቼም በዱዓችሁ አትርሱት፤ እናንተ ኤልሳዕ ብትሉት ፈጣሪ ማን እንደሆነ ያውቀዋል።