ከካርቶኑ የወጣው ቀይ መኪና

ውድ ሙሽሬ፣

ፀጉርሽ ከነጣ በኋላ በዚህ ስም ስጠራሽ ትስቂ ይሆናል። ወንድሜ አግብቶሽ የመጣ ቀን ያወጣሁልሽ ስም ነው። ትተሽው ከሄድሽ በኋላም ሌላ ስም አላወጣሁልሽም።

ደህንነትሽን በወጉ ሳልጠይቅ ወደ ጉዳዬ የምገባው ጊዜ ስለሌለኝ ነው። ወንድሜ ሊሞት ነው። ሐኪሙ "ወደ ቤት ውሰዱት" ብሎናል። ምን ማለት እንደሆነ አንቺም ታውቂዋለሽ፤ ልጃችሁንም እንዲሁ ብለው ነው የመለሱላችሁ። የማስታምመው እኔ ነኝ። የተኛው በልጁ ክፍል፣ በልጁ አልጋ አጠገብ ፍራሽ አንጥፌለት፣ ከመኪኖቹ ጋር ነው።

መኪኖቹ እንደነበሩ ናቸው። ከወለል እስከ ጣራ መደርደሪያ፣ መደርደሪያው ሙሉ ከነካርቶናቸው የተቀመጡ የጥንት የብረት መጫወቻዎች። ከሰዓት መጠገኛ ሱቁ ጎን ያሉት ጫማ ሰፊዎች "ባለመኪናው! ዛሬም በእግርህ ነው?" እያሉ ሲተርቡት ትዝ ይልሻል? አንቺም "ሌላዋ ጣውንት አለባት፣ እኔ ጋራዥ አለብኝ" እያልሽ ታስቂኝ ነበር።

ሳቅሽ የቆመበትን ቀን ሁለታችንም እናውቀዋለን። ልጁ ከተኛበት ሆኖ ቀዩን የእሳት አደጋ መኪና በጣቱ አሳየ። "አባዬ፣ አንዴ ብቻ ልንዳው።"

"ስጠው እንጂ!" አልሽ።

"ካርቶኑ ከተከፈተ አለቀለት። ሲሻለው ሌላ እገዛለታለሁ።"

የሾርባ ሳህን ይዤ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። ልጁ አላለቀሰም፤ ጣቱን ብርድ ልብሱ ውስጥ መልሶ ከተታት። አልተሻለውም። ቀብሩ እንዳለፈ ሻንጣሽን ይዘሽ ወጣሽ፤ ማንም አልያዘሽም።

ባለፈው ሳምንት አንድ የአሮጌ ዕቃ ነጋዴ መጣ። ያስጠራው ራሱ ወንድሜ ነው፤ ሲሞት መኪኖቹ ቆሻሻ ላይ እንዳይጣሉ ፈርቶ። ሰውዬው ካርቶኖቹን ወደ መስኮቱ እያስጠጋ ሲያደንቅ ቆየና ቀዩን ሲያወጣ ፊቱ ተለወጠ።

"ይሄማ አይሆንም። ጎማው አልቋል፣ ቀለሙም ተልጧል። ልጅ ሲጫወትበት የኖረ ነው።" ከዚያ ሳቀ። "ልጆችዎ አልራሩለትም ጋሼ!"

ወንድሜ ወደ ግድግዳው ዞረ። ነጋዴው እንደወጣ ግን እጄን ያዘኝ።

"እትዬ፣ ሰማሽው አይደል? ልጅ ተጫውቶበታል አለ።"

"ሰምቻለሁ።"

"እንደሱ ብለሽ ጻፊላት። 'አንቺ ፋብሪካ ሥራ ስትውዪ እየደበቀ ይሰጠው ነበር' በያት። ያንቺን ቃል ታምናለች። ካመነች ትመጣለች፤ ሳላያት አልሙት።"

"አልሰጠኸውማ!"

"አልሰጠሁትም። አንቺ ግን በያት።"

ምክንያት ልፈልግለት ሞከርኩ። "ምናልባት መስጠቱ ተስፋ መቁረጥ መስሎህ ይሆናል" አልኩት።

"አይደለም እትዬ። ለቀለሙ ሳስቼ ነው።"

ሙሽሬ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ማተሚያ ቤት ተቀምጬ የሰው ጽሑፍ አርሜአለሁ። ሐሰት መሆኑን እያወቅሁ ያሳለፍኩት መስመር የለም፤ ይህንንም አላሳልፍም። ልጁ መኪናውን አልነካውም። እንደጓጓ ነው የሄደው።

ጎማውን ማን እንደጨረሰው ግን ልንገርሽ። ይህን ንገሪልኝ ያለኝ የለም፤ ወንድሜ ማየቴንም አያውቅም። አንቺ ከሄድሽ ከዓመታት በኋላ አንድ ጠዋት የታጠበ አንሶላ ላደርስለት መጣሁ። የልጁ ክፍል በር ገርበብ ብሏል። ያ ትልቅ ሰውዬ ጉልበቱ ሥር ጨርቅ አነጥፎ፣ ወለሉ ላይ ተንበርክኮ፣ ቀዩን መኪና በባዶው አልጋ ዙሪያ ይነዳል። በከንፈሩ ቀስ አድርጎ እንደ ሞተር ያጉረመርማል። ትራስጌ ሲደርስ እጁን ከመኪናው ላይ ያነሳና ይጠብቃል፤ ተራው የሌላ ሰው እንደሆነ ሁሉ። ቆይቶ፣ የሚነዳው ሲጠፋ፣ ራሱ መልሶ ይነዳዋል። አንሶላውን ደጃፉ ላይ አስቀምጬ ተመለስኩ። ዛሬ ያንን ወለል ስወለውል አልጋውን የሚዞረው መስመር እጄ ላይ ይታወቀኛል፤ የፕላስቲክ ምንጣፉ ሰርጉዷል።

ይቅር በዪው አልልሽም። እኔም ይቅር ማለቴን እንጃ፤ ሾርባ በማንኪያ ሳጎርሰው ያቺ የልጁ ጣት ትታየኛለች። መምጣቱም መቅረቱም ያንቺ ነው። ከመጣሽ ግን አውቀሽ ነይ፤ በውሸት ተጠርተሽ ትራስጌው እንድትቀመጪ አልፈልግም። ነጋዴው ሌሎቹን ሊወስድ ይመጣል። ቀዩን ለይቼ አስቀርቼዋለሁ፤ ስለሱ የመወሰን መብት ያለው ከልጁ እናት በቀር ማንም የለም።

ይህን ስጽፍ ወንድሜ ዐይኑን ከድኖ የብዕሬን ድምፅ ሲያዳምጥ ነበር። አሁን ጠየቀኝ።

"እንዳልኩሽ ጻፍሽላት?"

"ጻፍኩላት" አልኩት።

"እንግዲያው ትመጣለች።"

ቀዩን መኪና እንዳወርድለት ለመነኝ፤ አውርጄ ትራሱ አጠገብ አስቀመጥኩለት። ትንሽ ገፋ አደረገው። አሁን እጁን አንስቶ እየጠበቀ ነው።

አንቺን ያልዋሸችሽ፣
እትዬሽ