ከጋሼ ፉከራ የቀረው ጣርማ በር

ደብረ ብርሃን፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1953 ዓ.ም.

ዛሬ የድል በዓል ስለሆነ ጋሼ ኒሻኑን ደረቱ ላይ ደርድሮ ዋለ። ጋሼ የአባቴ ታላቅ ወንድም ነው፤ ያሳደገኝም እሱ ነው። በጣሊያን ጊዜ እሱ አርበኛ ነበር፣ አባቴ ደግሞ ለጣሊያን አድሮ ባንዳ። አባትሽ ቆላ ወርዶ በወባ ሞተ ብለውኝ ነው ያደግሁት።

ከሰልፉ መልስ እንግዶቹ ጠጅ ሲደግሙ ጋሼ ጠመንጃውን ይዞ ለፉከራ ተነሳ። "ደነባ ላይ ገዳይ፣ ለሚ ላይ ገዳይ" እያለ የገደለበትን ስፍራ ሲጠራ እኛ ሴቶቹ በየመሀሉ እልል እንላለን። ጨርሶ ሊቀመጥ ሲል የእሱና የአባቴ እናት፣ አያቴ፣ ከመደባቸው ላይ ሆነው "አንድ ቀረህ" አሉት። አያቴ አባቴ ከሞተ ጀምሮ መነኩሴ ናቸው፤ ጮክ ብለው አይናገሩም።

"እማሆይ፣ ይተዉኝ" አላቸው።

"ጣርማ በርን ዘለልከው። ወንድ ከሆንክ እሱንም ፎክርበት። አለዚያ ይህን ኒሻን አድርገህ ፊቴ አትቁም።"

እንግዶቹ ሌላ ጀብዱ የተረሳ መስሏቸው "በል እንጂ" አሉት። ጋሼ ጠመንጃውን እንደገና አነሳ።

"ጣርማ በር ላይ ገዳይ" አለ።

እልል አልን። የአባቴን ስም የጠራው ከዚያ በኋላ ነው።

አያቴ ወደ እኔ ዞር ብለው "ከሁሉም ያንቺ እልልታ ያምራል" አሉኝ።